አድልዎና ሰነድ፦ የጦርነት ዜና በሙሐዲሶች ሚዛን

በሀገራችን ሙስሊም ጸሐፍትና ዳዒዎች ዘንድ የውጭ ጦር ስለገባባቸው ሀገሮች በተነሣ ቁጥር «የምዕራባውያን መገናኛ ብዙኃን አድልዎ» የሚለው ሐረግ ሳይነገር አይቀርም። ሐረጉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደምናየው ማስረጃው ብዙ ነው። ችግሩ የምርመራ መነሻ መሆኑ ቀርቶ የምርመራ መዝጊያ መሆኑ ነው። የማንወደውን ዜና «አድሏዊ ነው» ብለን እንጥለዋለን፤ የምንወደውን ግን ከማን መጣ ብለን አንጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፦ የዜና ሚዛኑ የአቅራቢው ወገን ሳይሆን የዜናው ሰነድ ነው። ይህን ሚዛን የሐዲስ ሊቃውንት በጥንቃቄ አበጅተው አውርሰውናል። እኛ ግን ሚዛኑን በኪታብ ቤት ትተን የሰው ደም የሚፈስበትን ወሬ ያለ ሚዛን እንቀበላለን፤ ያለ ሚዛንም እንጥላለን።

ለምርመራው በዋናነት የመረጥኩት የ2003ቱን የኢራቅ ጦርነት ነው፤ የዜናዎቹ ምንጭ ከጊዜ በኋላ በይፋ ተመርምሮ የተገለጠ በመሆኑ ለማመሳከር ያመቻል። ቀጥሎ ያንኑ ሚዛን «የእኛ» በምንላቸው መገናኛ ብዙኃን ላይ ለመፈተን የ2011ዱን የሊቢያ ጦርነት እመለከታለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማጣራት ትእዛዝና የጦር ጉዳይ

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናን ፋሲቅ የሆነ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣባቸው እንዲያጣሩ ያዛል። ይህን አንቀጽ በየደርሱ ስለ ሐሜትና ስለ ሰፈር ወሬ ስንጠቅሰው ኖረናል። ሙፈሲሮች የሚያወሱት የመውረድ ሰበብ ግን ከዚያ የከበደ ነው። ብዙዎቹ እንደሚያቀርቡት አል-ወሊድ ኢብኑ ዑቅባ ዘካ እንዲሰበስብ ወደ በኒ ሙስጦሊቅ ተልኮ ሳለ ሳይደርስ ተመለሰና ሰዎቹ ዘካውን እንደከለከሉ፣ ሊገድሉትም እንደፈለጉ ተናገረ። በዚህ ወሬ የተነሣ ጦር ሊዘምትባቸው ተቃረበ። ነገሩ ሲጣራ ግን ሰዎቹ ዘካውን ይዘው መልእክተኛውን ሲጠባበቁ እንደነበረ ታወቀ። በዘገባው ሰነዶች ላይ ሊቃውንት ተነጋግረዋል፤ ስለ አንድ ሰሓባ የሚወሳ በመሆኑም በጥንቃቄ ነው የሚያነሡት። እኛም በዚሁ ጥንቃቄ እናልፈዋለን። የአንቀጹ ትእዛዝ በዚህ ታሪክ ላይ ብቻ የቆመ አይደለምና።

በአንቀጹ ላይ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ አንቀጹ የፋሲቅን ወሬ «አጣሩ» አለ እንጂ «ጣሉ» አላለም። ወሬ አምጪው የማይታመን መሆኑ ወሬውን ወደ ምርመራ ያስገባዋል እንጂ ሐሰት አያደርገውም። ሁለተኛ፣ ቃሉ በሁለት መንገድ ተቀርቷል፤ አብዛኞቹ ቃሪኦች «ፈተበየኑ» ሲሉ ሐምዛ፣ ኪሳኢና ኸለፍ «ፈተሠበቱ» ብለው አንብበዋል። የመጀመሪያው ነገሩ ግልጽ እስኪሆን መፈለግን፣ ሁለተኛው ሳይቸኩሉ ረግቶ መቆየትን ያመለክታል። የጦርነት ዜና ሁለቱንም ይሻል፤ ጦርነትን የሚፈልግ ወገን ግን ሁልጊዜ የሚለምነው ነገር ጥድፊያ ነው። ሦስተኛ፣ አንቀጹ የትእዛዙን ምክንያት ይነግረናል፤ ባለማወቅ ሕዝብን ጎድቶ በኋላ መጸጸት እንዳይመጣ ነው። በሱረቱ-ኒሳእ 94ኛው አንቀጽ ያለው የማጣራት ትእዛዝም የተሰጠው ለዘመቻ ለወጡ ሰዎች ነው፤ ያውም የዓለምን ጥቅም መሻት ፍርድን እንደሚያጣምም እያስጠነቀቀ።

የኢስናድ ጥያቄ ራሱ የጦርነት ልጅ ነው። ኢማም ሙስሊም በሶሒሓቸው መግቢያ ከታላቁ ታቢዒይ ከሙሐመድ ኢብኑ ሲሪን እንዳስተላለፉት፣ ሰዎች የዘጋቢዎችን ስም አጥብቀው መጠየቅ የጀመሩት ሙስሊሞች እርስ በርስ የተዋጉበት ፊትና ከተነሣ ወዲህ ነው። ወገን ለይቶ በሚዋጋ ኅብረተሰብ ውስጥ ወሬ ከመሣሪያ አንዱ ስለሚሆን «ከማን ሰማኸው?» የሚለው ጥያቄ ግድ ሆነ። ስለዚህ ይህን ሚዛን ወደ ጦርነት ዜና ስንመልሰው ወደ ተወለደበት ቦታ መመለሳችን ነው።

ሁለት የሚመስል አንድ ምስክር

ኢራቅ ኩዌትን ከወረረች ከሁለት ወራት በኋላ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1990፣ አንዲት የ15 ዓመት ኩዌታዊት ልጅ በዋሽንግተን በአሜሪካ የምክር ቤት አባላት የሰብአዊ መብት ጉባኤ ፊት ቀረበች። የኢራቅ ወታደሮች በሆስፒታል ውስጥ ሕፃናትን ከማሞቂያ ሣጥን እያወጡ ወለል ላይ ሲጥሉ አይቻለሁ ብላም መሰከረች። ለቤተሰቧ ደኅንነት ሲባል ሙሉ ስሟ አልተገለጸም። ወሬው በጋዜጦችና በቴሌቪዥን ተደጋገመ፤ የጦርነቱም ክርክር ማጣፈጫ ሆነ። በ1992 ግን ልጅቱ በአሜሪካ የኩዌት አምባሳደር ልጅ መሆኗ፣ ምስክርነቷም ለኩዌት ወገን በሚሠራ ሂል ኤንድ ኖውልተን በተባለ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት እገዛ መዘጋጀቱ ተገለጠ። የሕፃናቱን ታሪክ የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ማስረጃም አልተገኘም። የኢራቅ ጦር በኩዌት ግፍ አልፈጸመም ማለት አይደለም፤ ፈጽሟል። ሰው ያለቀሰበት ይህ ዘገባ ግን በሙሐዲሶች ቋንቋ ራዊው ሙብሀም፣ ማለትም ማንነቱ የተሸፈነ ዘገባ ነበር። የሸፈኑት ሰዎች ማንነቷን ያውቁ ነበር፤ ሰሚው ግን ከተከራካሪዎቹ የአንዱ ወገን ልጅ መሆኗን ሳያውቅ ፈረደ።

ከ12 ዓመት በኋላ ነገሩ በረቀቀ መንገድ ተደገመ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2002 ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ፣ ስማቸው ያልተገለጸ የአሜሪካ ባለሥልጣናትን ጠቅሶ፣ ኢራቅ ልዩ የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ልትገዛ እንደሞከረችና ቱቦዎቹም ዩራኒየም ለማበልጸግ እንደታሰቡ ዘገበ። በዚያው ዕለት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዲክ ቼኒ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ቱቦዎቹ ሲናገሩ ያንኑ ጋዜጣ ጠቀሱ። ለተመልካቹ ሁለት ምስክር የተገኘ ይመስላል፤ አንዱ መንግሥት፣ ሁለተኛው ነጻ ጋዜጣ። የሐዲስ ተማሪ ግን ሁለቱን ሰነዶች ወደ ላይ ሲከተል አንድ ቦታ ሲገናኙ ያያል። ጋዜጣው የሰማው ከባለሥልጣናት ነው፤ ባለሥልጣኑ የጠቀሰው ጋዜጣውን ነው። መዳሩ፣ ሰነዶቹ የሚዞሩበት ሰው፣ አንድ ነው። በመቶ ጣቢያ ቢደገምም ያው የአንድ ሰው ወሬ ነው እንጂ ሙተዋቲር አይሆንም፤ ለተዋቱር የሚፈለገው የአፍ ብዛት ሳይሆን እርስ በርሳቸው ያልተቀዳዱ ምስክሮች ብዛት ነውና። በዚያን ጊዜ በራሱ በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ የኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ቱቦዎቹ ለተራ ሮኬት መሥሪያ የሚስማሙ መሆናቸውን ይናገሩ ነበር። በ2004 የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ ያደረገው ምርመራም ይህንኑ አጸና።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቀርበው ኢራቅ በመኪና የሚንቀሳቀሱ የባዮሎጂ መሣሪያ ማምረቻዎች አሏት ሲሉ አራት ምንጮችን አነሡ። የመጀመሪያውና ዋነኛው «ከርቭቦል» በሚል የምስጢር ስም የተጠራ ከኢራቅ ወጥቶ በጀርመን የተጠለለ ሰው ነበር። ሰውየው በጀርመን የስለላ ድርጅት እጅ ስለነበረ የአሜሪካው ሲአይኤ ከጦርነቱ በፊት በቀጥታ አልጠየቀውም፤ ወሬውን የተቀበለው በትርጉምና በማጠቃለያ ነው። በ2011 ሰውየው ታሪኩን ፈጥሮ እንደተናገረ ለጋርዲያን ጋዜጣ በራሱ አንደበት አመነ። አራተኛው ምንጭ፣ አንድ የከዳ የኢራቅ መኮንን፣ ደግሞ ወሬ ፈጣሪ መሆኑ በአሜሪካ የመከላከያ ስለላ ድርጅት ከንግግሩ ወራት በፊት ተመዝግቦ ነበር። ጀርሑ ተጽፎ ሳለ ንግግሩን ያዘጋጁት ሰዎች አልደረሳቸውም ወይም አላዩትም። የራዊዎችን መዝገብ ሳያይ ሐዲስ የሚያወራ ሰው በመድረሳችን ምን እንደሚባል ደረሳ ሁሉ ያውቃል።

«ጋዜጠኛ የምንጩን ስም የሚደብቀው ነፍስ ለማዳን ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ትክክል ነው። ሊቃውንቶቻችንም ይህን የመሰለ ጉዳይ ገጥሟቸዋል። አንድ ራዊ የሸይኹን ስም ሳይጠቅስ «የታመነ ሰው ነገረኝ» ቢል አብዛኞቹ ሙሐዲሶች ይህን እንደ በቂ ማረጋገጫ አልቆጠሩትም። ለእሱ የታመነ ሆኖ የታየው ሰው ሌሎች ድካሙን የሚያውቁት ሊሆን ይችላልና። ዋሸ አላሉትም፤ ማስረጃው ለፍርድ አይበቃም አሉ እንጂ። በዚህ ሚዛን ስም የለሽ ምንጭ ለጥርጣሬ፣ ለጥንቃቄና ለተጨማሪ ፍለጋ ይበቃል፤ ሀገር ለመውረር ግን አይበቃም።

ወገን ብቻውን ጀርሕ አይደለም

እስካሁን ያልነውን ብዙ አንባቢ በደስታ ይቀበለዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ለእኛ ይከብዳል።

ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሓቸው ከዒምራን ኢብኑ ሒጧን ዘግበዋል፤ ሰውየው የኸዋሪጅ ወገን መሆኑ የታወቀ ነው። ኢማም አዝ-ዘሀቢ በሚዛኑል ኢዕቲዳል ስለ ኩፋዊው አባን ኢብኑ ተግሊብ ሲያወሱ፣ የሺዐ አቋሙን ሳይሸፍኑ እውነተኝነቱ ለእኛ እንደሚጠቅም፣ ቢድዓው ግን የራሱ ሸክም እንደሆነ ያስረዳሉ። ሊቃውንት በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ በተለይም ወደ ቢድዓው የሚጣራውን ከማይጣራው ቢለዩም፣ የብዙዎቹ መሠረት አንድ ነው፦ የሰው ወገን ብቻውን ዘገባውን አይጥልም፤ ዘገባውን የሚጥለው ውሸታምነት፣ ጥቅሙ በዘገባው ላይ ያሳደረው ጫና ወይም የሰነዱ መቆረጥ ነው።

ይህን ወደ ኢራቁ ጉዳይ እንመልሰው። የቱቦዎቹን ወሬ አጥብቀው ከጠረጠሩት መካከል በዋሽንግተን የናይት ሪደር ቢሮ ጋዜጠኞች ጆናታን ላንዴይና ዋረን ስትሮበል ነበሩ። እነሱም አሜሪካውያን ናቸው፤ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ወር ነበሩ። ልዩነቱ ከሚኒስትሮች ይልቅ ሰነዶቹን በእጃቸው የሚያዩትን የታችኛውና የመካከለኛው እርከን ባለሙያዎችን መጠየቃቸው ነው፤ ወደ ምንጩ የቀረበ አጭር ሰነድ ፈለጉ። ኒው ዮርክ ታይምስ ራሱ ሜይ 26 ቀን 2004 የአዘጋጆች ማስታወሻ አውጥቶ ስለ ኢራቅ ካወጣቸው ዘገባዎች አንዳንዶቹ በቂ ማጣራት ያልተደረገባቸው መሆናቸውን አመነ። ዋሽንግተን ፖስትም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፣ ጦርነቱን የሚጠራጠሩ ዘገባዎቹ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ገጾች ይገፉ እንደነበር በራሱ ገጽ ተቸ። በብሪታንያ በጆን ቺልኮት የተመራው አጣሪ ቡድን ጁላይ 6 ቀን 2016 ባወጣው ሪፖርት፣ የኢራቅ መሣሪያ ስጋት ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ በእርግጠኝነት እንደቀረበና ሰላማዊ አማራጮች ተሟጠው እንዳላለቁ ደመደመ።

እነዚህን ሁሉ የምናውቀው ከማን ነው? ከላይ የኢራቅን ወሬ ያፈረስንባቸው ማስረጃዎች ሁሉ የመጡት «አድሏዊ» ብለን በጅምላ ከምንጥላቸው ጋዜጦችና ምክር ቤቶች ነው። ወገናቸው ዘገባቸውን የሚጥል ቢሆን ኖሮ እኛም በእነሱ ላይ የምናቀርበው ማስረጃ አብሮ ይወድቅ ነበር። ለሚጠቅመን ሲሆን ሲቃ፣ ለሚጎዳን ሲሆን ዶዒፍ የምንለው ራዊ ሊኖር አይችልም።

ይህ ግን ንስሓቸውን ማሞካሸት እንዳይመስል። የኒው ዮርክ ታይምስ ማስታወሻ የወጣው ጦርነቱ ከጀመረ ከ14 ወራት በኋላ ነው፤ የቺልኮት ሪፖርት ከ13 ዓመት በኋላ። የሑጁራቱ አንቀጽ የተናገረው ጸጸት ይኸው ነው፤ ሙታንን የማያስነሣ ጸጸት።

ተቆርጦ የቀረበ እውነት

አድልዎን ከሐሰት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ሌላው ስሕተታችን ነው። ሙሐዲሶች ውሸትን ከተድሊስ ለይተዋል። ተድሊስ የሚያደርግ ሰው ሐሰት ላይናገር ይችላል፤ ያልሰማውን የሰማ የሚያስመስል ቃል ይመርጣል እንጂ። ሐዲስን አሳጥሮ ማውራትንም የፈቀዱት የተቆረጠው ክፍል የቀረውን ትርጉም የማይለውጥ ሲሆን ነው።

በማርች 2003 በመቶዎች የሚቆጠሩ ጋዜጠኞች ከአሜሪካና ከብሪታንያ ጦር ክፍሎች ጋር ተመድበው ወደ ኢራቅ ገቡ። ከታንኩ ላይ ሆነው ያዩትን ዘገቡ፤ አብዛኛውም እውነት ነበር። ነገር ግን ሰው ከታንክ ላይ ሆኖ የሚያየው ታንኩ የሚሄድበትን ነው። ታንኩ ካለፈ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሆነው በሥዕሉ አልገባም። እንዲህ ያለውን ዘገባ «ውሸት ነው» ብሎ መቃወም ራስን ማስረታት ነው፤ የሚገባው «ከየት ሆነህ አየህ? ምን ተቆረጠ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በተቃራኒውም የምንቆርጠው እኛ የሆንበት ጊዜ አለ። የሳዳም ሑሴን ጦር ማርች 16 ቀን 1988 በሐለብጃ ከተማ ላይ መርዛም ጋዝ ጥሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ኩርዶችን ፈጅቷል፤ የሞቱትም አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ከ15 ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ይህን እልቂት ለጦርነቷ ምክንያት ስታነሣው እኛ «የወረራ ሰበብ ነው» ብለን አለፍነው። ሰበብ መሆኑ እውነት ነው፤ እልቂቱም እውነት ነው። የኢራቅን መወረር በተቃወሙ ብዙ ንግግሮቻችን ውስጥ ሐለብጃ ስሟ አልተነሣም። ይህም ትርጉም የሚለውጥ ቁራጭ ነው።

አባትን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ

የአል-ቡኻሪ መምህር ዐሊይ ኢብኑል መዲኒ ስለ አባታቸው የሐዲስ ብቃት ሲጠየቁ ሌላ ሰው እንዲጠይቁ ነገሯቸው። ጠያቂዎቹ በደጋገሙ ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ከቆዩ በኋላ፣ ጉዳዩ የዲን ጉዳይ መሆኑን አስታውሰው አባታቸው ደካማ መሆናቸውን ተናገሩ። ይህን ታሪክ በደርስ ስናወራው ሰሚው ይደነቃል። ታሪኩ የሚጠይቀን ግን መደነቅን ሳይሆን መከተልን ነው።

በኤፕሪል 2003 የኢራቅ የማስታወቂያ ሚኒስትር ሙሐመድ ሰዒድ አስ-ሶሓፍ የአሜሪካ ታንኮች ባግዳድ ውስጥ እያሉ አልገቡም ሲል ከእኛ መካከል ያመነው ብዙ ነበር። ያመነው ሰነዱ ስለበረታ ሳይሆን ልቡ ስለፈለገው ነው። ያ ቀልድ ሆኖ አለፈ። የ2011ዱ የሊቢያ ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 2011 በሊቢያ ሕዝባዊ ዐመፅ ሲነሣ፣ ሙዐመር ጋዳፊ ከሰሐራ በስተደቡብ ካሉ ሀገሮች ጥቁር ቅጥረኛ ወታደሮችን አምጥቶ ሕዝቡን ያስፈጃል የሚለው ወሬ በዐረብኛ ሳተላይት ጣቢያዎችም በምዕራባውያንም ዘንድ ተናኘ። ለዚህ ጉዳይ በጣም የምናዳምጠው አልጀዚራን ነበር። ጣቢያው ክብር የሚገባው ሥራ እንደሠራ አልክድም፤ ኤፕሪል 8 ቀን 2003 የባግዳድ ቢሮው በአሜሪካ ሚሳይል ተመትቶ ጋዜጠኛው ጧሪቅ አዩብ ተገድሏል። ነገር ግን ጣቢያውን የምትደግፈው ቀጠር በ2011 የጦር አውሮፕላኖቿን ልካ በሊቢያ ዘመቻ ተሳትፋለች፤ ዐማፅያኑንም አስታጥቃለች። በሙሐዲሶች ሚዛን ይህ ወደ ራሱ ጉዳይ የሚጣራ ራዊ ነው፤ በዚያ ጉዳይ ላይ ያለው ዘገባ ከሌላው ይልቅ መፈተሽ ነበረበት። እኛ አልፈተሽነውም። የዐረብ ሊግ ማርች 12 ቀን የበረራ እገዳ እንዲጣል ጠየቀ፤ የጸጥታው ምክር ቤት ማርች 17 ቀን 1973 ቁጥሩ የሆነውን ውሳኔ በ10 ድጋፍና በ5 ድምፀ ተዐቅቦ አጸደቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ድብደባው ተጀመረ። በ2003 የውጭ ጦርን ያወገዙ ምላሶች በ2011 ዝም አሉ ወይም ደገፉ።

እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን በምናገርበት መስጊድ ከመግሪብና ከዒሻእ መካከል በነበረው ደርስ የቅጥረኞቹን ወሬ ከሳተላይቱ እንደሰማሁት ለጀመዓው አወራሁ። ደርሱ ሲያበቃ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ተጠግተው እንዲህ አሉኝ፦ «ሸኽዬ፣ የኔ ልጅ ያለው እዚያ ነው። ድንጋይ ይሸከማል እንጂ ጠመንጃ አልያዘም። እርስዎ ያሉትን የሰማ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኘው በምን ይለየዋል?» መልስ አልነበረኝም። ይልቁንም ወሬውን ከማን እንደሰማሁት ራሴን ስጠይቅ፣ ጣቢያው «የዓይን ምስክሮች» ከማለቱ በቀር አንድ ስም ማስታወስ አልቻልኩም። በዚያው ዓመት ለተማሪዎቼ የሙብሀምን ሑክም ያስተማርኩ ሰው ነበርኩ። በተከታዩ ሳምንት በዚያው ቦታ ተቀምጬ የወሬውን ሰነድ እንደማላውቅ፣ ማውራቴም ጥፋት እንደነበረ ተናገርኩ። ካለፈው ሳምንት ሰሚዎች ግን ግማሾቹ በዚያ ምሽት አልነበሩም። ልጁ በቱኒዝያ ድንበር በሹሻ መጠለያ በኩል በሰላም መውጣቱን ከወራት በኋላ ሰማሁ፤ ሁሉም እንደሱ አልሆነላቸውም።

በጋዳፊ ወገን የተሰለፈ የውጭ ተዋጊ ፈጽሞ አልነበረም አልልም። ሆኖም የአምነስቲ ኢንተርናሽናል መርማሪዎች በ2011 «ቅጥረኛ» ተብለው ከተያዙት ብዙዎቹ ተራ ስደተኛ ሠራተኞች መሆናቸውን ዘግበዋል። ጥቁር ሊቢያውያን የሚኖሩባት ተወርጋ የተባለች ከተማ ከጋዳፊ ወግናለች ተብላ በኦገስት 2011 ባዶ ቀረች፤ ከ30,000 በላይ የሆኑ ነዋሪዎቿም ለዓመታት ተፈናቅለው ኖሩ። የብሪታንያ ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2016 ባወጣው ሪፖርት፣ በቤንጋዚ ሊፈጸም ነው የተባለው የሲቪሎች እልቂት ስጋት ባለው ማስረጃ እንዳልተደገፈና እንደተጋነነ ደመደመ። የኢራቁ ሥርዓት እዚህም ተደግሟል፤ ልዩነቱ የወሬው ቋንቋ የምንወደው ቋንቋ መሆኑ ብቻ ነው።

ከዘገባ ወደ ፍርድ

አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ዘገባው ሶሒሕ ቢሆንስ? በዒልማችን የሐዲስ ሶሒሕነት አንድ ነገር ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ሑክም ሌላ ነገር ነው። ሶሒሕ ዘገባ ይዞ የተሳሳተ ፍርድ የሚሰጥ ፈቂህ ሊኖር ይችላል።

ለዚህ ከሀገራችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ለመንግሥታቱ ማኅበር ካቀረበቻቸው ክሶች አንዱ ባርነት ነበር። በሀገራችን ባርነት መኖሩ ሐሰት አልነበረም፤ ሙስሊሞች በዘመኑ ሥርዓት ይደርስባቸው የነበረው በደልም ሐሰት አልነበረም። በዐረቡ ዓለም ጋዜጦች ክርክሩ ለሁለት ተከፈለ። የኢጣሊያን ግፍ በሊቢያ አጥብቆ ሲያወግዝ የኖረው ታዋቂው ጸሐፊ ሸኪብ አርሰላን እንኳ፣ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን በደል እያነሣ ወደ ኢጣሊያ ያዘነበለ አቋም ያዘ። ሙሶሊኒም በማርች 1937 በትሪፖሊ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለውን ሰይፍ ተቀበለ፤ ያውም መንግሥቱ በ1931 ዑመር አል-ሙኽታርን በሰቀለባት ሀገር። ዘገባው በከፊል እውነት ነበር፤ ከዘገባው የወጣው ፍርድ ግን የመርዝ ጋዝና የወረራ ፈቃድ ሆነ። ስለዚህ «የጠቀሱት በደል እውነት ነውን?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «በደሉን ጦሩ ያስወግደዋልን? ጠሪውስ ማን ነው? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች መምጣት አለባቸው። የሐለብጃ እውነትነት የኢራቅን መወረር ሐላል አያደርገውም፤ የወረራው ሐራምነትም ሐለብጃን አይሽርም።

መደምደሚያ

ለዚህ ዓመታዊ መጽሔት ጸሐፍትም ሆነ በሚንበርና በደርስ ለሚናገሩ ወንድሞችና እኅቶች ከዚህ ምርመራ የማወጣው ሐሳብ ቀላል ነው። የውጭ ጦርን ጉዳይ ስናነሣ የዜናውን ምንጭ በስሙ እንጥቀስ፤ ስሙ ካልታወቀ አለመታወቁን እንናገር። ብዙ ጣቢያ ሲያወራው ብንሰማ፣ ጣቢያዎቹ ከአንድ ሰው ቀድተው እንደሆነ እንመርምር። የተጠቀሰው ምንጭ በጦርነቱ ውስጥ እጅ ያለው እንደሆነ፣ ያ እጅ የእኛ ወገን እጅ ቢሆንም፣ እንግለጸው። የተሳሳትነውንም በተናገርንበት ቦታና በተናገርንበት ድምፅ ልክ እናርም፤ ከሰሚዎቹ ግማሹ እንደማይደርስ አውቀንም በመጀመሪያው ንግግር ላይ እንጠንቀቅ።

በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቃል። ስለ መገናኛ ብዙኃን አድልዎ ስንጽፍ ይህን አንቀጽ ሌሎችን ለመክሰስ ስንጠቀምበት ኖረናል። አንቀጹ የሚጠራው ግን «እናንተ ያመናችሁ ሆይ» ብሎ ነው፤ የተጠራነው እኛ ነን።

ወላሁ አዕለም።